በልጄ ድምፅ

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡላት የአባቷ ጓደኞች ናቸው። እናትና አባቷ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ እሷ ግን ትሰማለች። ገና ድክ ድክ በምትልበት ጊዜ በር ሲንኳኳ፣ ወተት ሲገነፍል፣ ጎረቤት ሲጣራ እየሮጠች የእናቷን ቀሚስ ትጎትት ነበርና፣ ቤታቸው የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እሷን ሲጠራ የራሱን ጆሮ ጫፍ ቆንጠጥ ያደርጋል። ያ ምልክት ስሟ ሆኖ ቀረ። የመታወቂያ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እያልን እንቀልድባት ነበር። እኔም ጆሮ እያልኩ ነው የማወራላችሁ።

ልጅነቷን በሙሉ ስታስተረጉም ነው ያሳለፈችው። ክሊኒክ፣ የቤት አከራይ ዘንድ፣ የገዛ ትምህርት ቤቷ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር። "መምህሯ ስለ አንቺ ምን አለች?" ሲሏት "ጎበዝ ናት አለች" ትላቸዋለች። መምህሯ ያለችው ሌላ ነው። አባቷ አናጢ ናቸው፤ በርና መስኮት ይሠራሉ። አንዳንድ ደንበኛ ተቆጥቶ "ይሄ ደንቆሮ ልኬቴን አበላሸው" ብሎ ሲጮህ፣ ጆሮ ወደ አባቷ ዞር ብላ በምልክት "ትንሽ ጠበበኝ ይላል" ትላቸዋለች። አባትየው የሰውየውን ፊት ያያሉ፣ የልጃቸውን እጅ ያያሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ።

አድጋ እንጀራዋም ያው ሆነ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆነች። እኔም የሥራ ባልደረባዋ ነኝ። ልዩነታችን እኔ ቋንቋውን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ መማሬ ነው፤ እሷ ተወልዳበታለች። እኔ ሳስተረጉም ሰዎች ይገባቸዋል። እሷ ስታስተረጉም ሰዎች አስተርጓሚ እንዳለ ይረሳሉ።

አብረን ከምንሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው የውይይት መድረክ ነው። በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለው አዳራሽ፣ አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ያቀርባል፤ ከዚያ መድረኩ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። አንድ ወር ስለ ጡረታ ነው፣ አንድ ወር ስለ ቤት ኪራይ፣ ሌላ ጊዜ ሥራ ስላጡ ወጣቶች። መምህራን ይመጣሉ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፣ ለሻይ እረፍቱ ብለው የሚመጡም አይጠፉም። መስማት የተሳናቸው ተሳታፊዎች ከፊት በግራ በኩል ይቀመጣሉ፤ እኛ ከመድረኩ ጥግ ቆመን በየተራ እናስተረጉማለን። አንዳችን ስንደክም ሌላችን እንቀበላለን። ማይክሮፎን ይዞ ተነሥቶ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ብሎ የሚጀምር ሰው በየጊዜው አለ። ለዚህ ሰው እኔና ጆሮ የራሳችን ምልክት አውጥተንለት ነበር፤ ከአፍ ማስቲካ ሲጎተት፣ ሲጎተት፣ አልበጠስ ሲል። ከፊት ረድፍ ያሉት ምልክቱን አይተው ሲስቁ ተናጋሪው ቀልዱ የተያዘለት መስሎት ይብስበታል።

እናቷ ካረፉ በኋላ ጆሮ አባቷን ቤት ብቻቸውን መተው ስላልሆነላት ወደ መድረኩ ይዛቸው መምጣት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እምቢ ብለው ነበር። "እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ? ወንበራቸውን ልጠግን ነው?" አሏት። ሁለት ጊዜ ከመጡ በኋላ ግን ሐሙስ ሲደርስ ሸሚዛቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ። ሲኒማ እንደሚያይ ሰው ወደፊት ዘንበል ብለው ነው የሚከታተሉት። ለሰዉ ሁሉ የምልክት ስም አወጡለት። የመድረክ መሪው ሰዓቱን ሲያይ የሚያደርጋትን የእጅ እንቅስቃሴ ስሙ አደረጉት። ጥናት የምታቀርበዋን መምህርት፣ ዶክተሯን፣ መነጽሯን ጠጉሯ ላይ ሰክታ ስለምትፈልገው፣ ግንባራቸውን እየዳበሱ ነው የሚጠሯት።

አንድ ችግር ነበረባቸው። የቀኝ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ከግማሹ በላይ የለም፤ በወጣትነታቸው መጋዝ ወስዶታል። ለእኛ ቋንቋ ጠቋሚ ጣት እንደ ምላስ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ምልክት ኮልታፋ ነው፤ "እኔ" ያሉትን "እሱ"፣ "ሄደ" ያሉትን "መጣ" እያልኩ ስሳሳት ስንቴ ስቀውብኛል። አጥርቶ የሚያነባቸው ሚስታቸውና ልጃቸው ብቻ ነበሩ።

የዚያን ሐሙስ ጥናት የምታቀርበው ዶክተሯ ነበረች። ጉዳዩ ድሮ የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይከተለው የነበረው አሠራር ነው። "ልጅ ማሳደግ አይችሉም" ከተባሉ ወላጆች፣ ከታመሙ፣ ከአካል ጉዳተኞች፣ በጣም ከተቸገሩ ሰዎች ሕፃናት እየተወሰዱ ማሳደጊያ ይገቡ ነበር፤ ከዚያም ለሌላ ቤተሰብ ይሰጡ ነበር። ዶክተሯ ጠንቃቃ ሰው ናት። ማንንም አልወነጀለችም፣ ማንንም አላመሰገነችም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፤ "ካየናቸው ሰነዶች በአብዛኞቹ ላይ 'በወላጆች ስምምነት' የሚል ተጽፏል። ስምምነቱ ምን ዓይነት ስምምነት እንደነበር ግን ሰነዱ አይነግረንም።"

ይህን በምልክት ያስተረጎመችው ጆሮ ናት። ስትጨርስ ተራውን ለእኔ ሰጥታ ጎን ካለው ወንበር ተቀመጠች፤ የውሃ ጠርሙሷን ከፈተች። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ተባለ። አባቷ እጃቸውን አወጡ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። የመድረክ መሪው ደስ አለው። "አባታችን፣ ይነሡና ሁላችንም እንይዎት" አለ። ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩና መናገር ጀመሩ። እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ ወደ ድምፅ መመለስ ጀመርኩ። "እኔ አናጢ ነኝ… በር…" አልኩ። ከዚያ ጣታቸው ጠፋብኝ። "ሴት… እሷ… መጣች…" ብዬ ተንተባተብኩ። ጆሮን ዞር ብዬ አየኋት። ሳቀች። ጠርሙሷን አስቀምጣ መጣችና ማይክሮፎኑን ተቀበለችኝ፤ በልቧ አባቷ ቀልድ ሊያወሩ መስሏታል።

በእኛ ሥራ አስተርጓሚ "እሱ እንዲህ ይላል" አይልም። ተናጋሪው "እኔ" ካለ አስተርጓሚውም "እኔ" ይላል። ለጊዜው አፉ የእሱ አይደለም።

"እኔ አናጢ ነኝ" አለች ጆሮ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዋ። "በር እሠራለሁ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ እኔ በሠራሁት በር ሳትገቡ አልቀራችሁም።" አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። "ዶክተሯ ስምምነት ብላ ስለተናገረችው ነገር የማውቀው አለኝ። ይህቺ አሁን የምታስተረጉምላችሁ ልጄ ሳትወለድ በፊት…"

ቆመች። አባቷ እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ጠበቋት። አስተርጓሚ አንዳንዴ ቃል ሲመርጥ ይዘገያልና አዳራሹ ውስጥ ማንም ምንም አልጠረጠረም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ማይክሮፎን የያዘው እጇ ወደ ደረቷ ወረደ፣ ተመልሶም ወደ አፏ ወጣ።

"…ሳትወለድ በፊት ሌላ ሴት ልጅ ነበረችን። የመጀመሪያችን ናት። መራመድ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን አተኮሳት። ሌሊት ስታለቅስ እኛ ተኝተናል። ከግድግዳ ወዲያ ያለው ጎረቤት ሰምቶ በራችንን ደበደበ፤ አልሰማንም። በማግስቱ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንደኛዋ ፈገግ እያለች ታወራኛለች። ከንፈሯን አያለሁ፤ 'ሐኪም' ያለች መሰለኝ። ወደ ልጄ ጠቆመች፣ ወደ መኪናው ጠቆመች። ራሴን ነቀነቅኩ። የሚሰማ ሰው ሲያወራን እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ካልነቀነቅን ይቆጣናል። ስለዚህ ገባንም አልገባን እንነቀንቃለን። አሳክመው የሚመልሷት መስሎኝ ነው። ሚስቴ ልብሷን አጣጥፋ ሰጠቻቸው። ስትመለስ እንዳይበርዳት ብላ ሹራቧን ጨመረችበት።"

ጆሮ ዓይኗን ከአባቷ እጅ ላይ አልነቀለችም። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

"ቀን በቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። የሚያናግረን አጣን። እኛ እጃችንን እናወዛውዛለን፣ እነሱ ቁጭ በሉ ይሉናል። ቆይቶ ቋንቋችንን የሚችል አንድ ሰው አገኘንና ይዘነው ገባን። ልጅቷ ለሌላ ቤተሰብ ተሰጥታለች፣ እናንተም ተስማምታችኋል አሉት። እንግዲህ ዶክተሯ የጠየቀችው ስምምነት ያ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።" አባቷ ወደ መድረክ መሪው ዞሩ። "ይሄ ጥያቄ አይደለም። አስተያየትም አይደለም። ሚስቴ በሕይወት እያለች ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር። የልጃችን ስም ሲነሣ ማየት አትችልም ነበር። አሁን እሷም የለችም። ጨርሻለሁ።"

ተቀመጡ። ከፊት ረድፍ ያሉት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አርገበገቡ፤ የእኛ ሰዎች የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነው። የሚሰማውም ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ፊቷን ሸፈነች። የመድረክ መሪው ጉሮሮውን ጠርጎ "ከልብ እናመሰግናለን፣ ጊዜያችን ስላጠረ ወደሚቀጥለው…" አለ። ሌላ ምን ይበል? ጆሮ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ። "ተራህ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ፤ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የሚቀጥለው ሰውዬ ተነሣና "የእኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ብሎ ጀመረ። እኔም እሱን አስተረጎምኩ።

ውይይቱ ሲያበቃ በደረጃው መስኮት ቁልቁል ሳይ አባትና ልጅ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ሲጣሉ አየሁ። በምልክት የሚጣላ ሰው ጠቡን ለመላው ሰፈር ነው የሚያሳየው። ለእኔ ማየት ጆሮ ጣል ማድረግ ስለሆነ ፊቴን አዞርኩ። ከመዞሬ በፊት ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። "በገዛ አፌ!" ትላለች፣ አፏን በጣቶቿ እየመታች፤ "በገዛ አፌ አስነገርከኝ!" የአባቷ እጆች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልተነጋገሩም። የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው፤ ከፊት ወርክሾፑ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ቤት። መስማት የተሳነውን ሰው ለማኩረፍ ዝም ማለት አይበቃም፤ አለማየት ነው። አባቷ ወለሉን በእግራቸው ይመታሉ፣ መብራቱን አጥፍተው ያበራሉ፣ እሷ ቀና አትልም። ሳህን አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትበላለች። አንድ ሰውዬ በገዛ ቤቱ ሰው ፈልጎ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ አስቡት።

ለእኔ የነገረችኝ በዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነው። "ሰው እህት እንዳለው የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው" አለችኝ። "እኔ ከራሴ ሰማሁ። በማይክሮፎን።"

"ለምን ቤት አልነገሩሽም?"

"ጠየቅኩታ። በመጨረሻ ቀና ብዬ አየሁትና ጠየቅኩት። ምን አለኝ መሰለህ? 'ቤት ብነግርሽ እኔን ስታባብዪ ነገሩ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይቀር ነበር' አለኝ። 'እነዚያ ሰዎች እንዲሰሙት ነው የፈለግኩት። ያን ጊዜ ድምፅ አልነበረኝም። አሁን በልጄ ድምፅ ልናገረው ብዬ ነው' አለኝ።" ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳር አልጨመረችበትም። "እንዲህ የሚል ሰው ምን ይደረጋል? ተቀየምኩት እንዳልል አንጀቴን በላኝ። ይቅር አልኩት እንዳልል፣ ያቺ 'ይህቺ ልጄ ሳትወለድ በፊት' ያልኳት ነገር እስካሁን አፌ ውስጥ አለች።"

ከዚያ ስለ ክሩ አወራችኝ። ሕፃን ሳለች እናቷ በተኙ ቁጥር የእሷን ቁርጭምጭሚትና የራሳቸውን አንጓ በክር ያገናኙት ነበር፤ ስትነቃና ስትፈራገጥ ክሩ እንዲቀሰቅሳቸው። ይህን ታሪክ እኛ ጓደኞቿ ስንት ጊዜ ሰምተን ስቀናል። "እኔም እስቅ ነበር" አለችኝ። "ብልሃት ነበር የሚመስለኝ። ለካ ፍርሃት ነው። እማዬ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አልፈታችውም።"

ዶክተሯ በበኩሏ እንቅልፍ አጥታ ከርማ ነበር። በአባትየው ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱን ጠየቀችላቸው። ነገሩ ወራት ፈጀ። ልጅቷ ተገኘች። ያውም እዚያው ከተማ፤ ትልቁ መንገድ ላይ ካለ ፋርማሲ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ጽሕፈት ቤቱ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ እሷን ጠየቃት። ብዙ አሰበችበትና "አንድ ጊዜ አገኛቸዋለሁ" አለች።

የተገናኙት ቅዳሜ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ዶክተሯ ባስፈቀደችው አነስተኛ የስብሰባ ክፍል ነው። ጆሮ ሌላ አስተርጓሚ ይኑር ወይስ አይኑር ብላ ስትጨነቅ ሰነበተች። ያን ቀን እህት ብቻ መሆን ነበር ምኞቷ። ግን የአባቷን ጣት ማን ያነባል? አባቷ ጠዋት ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ፈተጉ፣ ጥፍራቸውን ቆረጡ፣ በጥፍራቸው ሥር የገባውን ቀለም በመርፌ ጠረጉ። ለእኛ ሰዎች እጅ ፊት ነው። እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ከዶክተሯ ጋር ቁጭ ብዬ ነበር፤ ውስጥ የሆነውን በኋላ ጆሮ ነገረችኝ።

ፋርማሲስቷ ገብታ ስትቀመጥ ጆሮ እናቷን ያየች መስሏት ደነገጠች። አገጯ ያው ነው፣ ትከሻዋን የምትሰብርበትም ነገር ያው ነው። ሴትየዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘች። ጨዋ ናት። ጆሮን "እርስዎ" ነው ያለቻት። ታናሽ እህቷን አንቱ አለቻት።

"እባክዎ ይንገሯቸው" አለች። "እንደተሰጠሁ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች አልደበቁኝም። በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን የነገሩኝ ወላጆቼ ወደው፣ ተስማምተው እንደሰጡኝ ነው። እነሱም እንደዚያ ነው የተነገራቸው።"

አባትየው መለሱ፤ ለአዳራሹ የተናገሩትን በአጭሩ ደገሙላት። ጆሮ ለሁለተኛ ጊዜ "ራሴን ነቀነቅኩ" አለች።

"እና አሁን እኔ ይሄን ምን ላድርገው?" አለች ፋርማሲስቷ። "እስካሁን የማይፈልጉኝ ሰዎች ነበሩኝ። ያንን ለምጄዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። አሁን ደግሞ ሲፈልጉኝ እንደኖሩ ይነገረኛል። አባት አለኝ። ታሞብኝ ተኝቷል። ይሄን ይዤ ገብቼ እሱን እንዴት ነው የማየው? ሰርቆኛል ልበለው? አልሰረቀኝም። እባክዎ ይንገሯቸው፤ በክፉ አይደለም፣ ግን ሌላ ጊዜ አይፈልጉኝ። ሥራ ቦታም አይምጡብኝ። አልችልም።"

ጆሮ እጆቿን አነሣች። ለዓመታት ያስተማሩንን ደንብ፣ እኔና እሷ ራሳችን ለጀማሪዎች የምናስተምረውን፣ እያወቀች ጣሰችው። "ለጊዜው ሥራ በዝቶባታል" አለቻቸው በምልክት። "አሳዳጊዋም ታመዋል። ሲሻላቸው ሌላ ቀን ትመጣለች።"

አባቷ ከልጃቸው እጅ ይልቅ የሴትየዋን ፊት ነው ያዩት። ከዚያ ወደ ጆሮ ዞረው፣ "እንደዚያ አላለችም። የተናገረችውን ስጪኝ" አሉ።

"አባዬ…"

"የእኔን ለእሷ እንዳለ ሰጥተሻታል። የእሷንም ለእኔ እንዳለ ስጪኝ።"

ሰጠቻቸው። አንድም ቃል ሳታስቀር፣ "ሰርቆኛል ልበለው" ያለችውን ጭምር። ስትጨርስ እጆቿ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። አባቷ ቀስ ብለው "ገባኝ" አሉ። ቀጥለውም አንድ ምልክት አሳዩ፤ የሌባ ጣታቸውን ጉማጅ ጉንጫቸው ላይ ሰክተው ትንሽ አዞሩት። ጆሮ አይታው አታውቅም።

"ምንድነው ያሉት?" አለች ፋርማሲስቷ።

ጆሮ አባቷን ጠየቀችና መለሰችላት። "ስምሽ ነው። ጡት ስትጠቢ ጉንጭሽ ይሰረጉድ ነበር።" ሳታውቀው አንቺ አለቻት።

"ቆንጆ ነው" አለች ሴትየዋ። ተነሣች። እጇን ዘርግታ ሁለቱንም ጨበጠቻቸው፤ አባትየው እጇን ትንሽ አቆይተው ለቀቁት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየቻቸውና እጇን ወደ ጉንጯ ወሰደች። ከዚያ ወጣች። እኔ ኮሪደሩ ላይ በአጠገቤ ስታልፍ አየኋት፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ልቅሶዋ ግን ድምፅ አልነበረውም። ደረጃውን በሩጫ ነው የወረደችው።

"አየሽ?" አሉ አባትየው እንደ ልጅ እየተቁነጠነጡ። "አየሽ? ስሟን አለች!"

ጆሮ ለእኔ ስትነግረኝ ሴትየዋ ጉንጯ ላይ የወደቀ ጠጉሯን ወደ ኋላ ማድረጓ ነበር አለችኝ። በግልጽ አይቻለሁ አለችኝ። ለአባቷ ግን "አዎ፣ አየሁ" ብላ መለሰችላቸው። ይህኛውን ፊቷን አይተው አልያዙባትም። ወይም ይዘውባት ትተውላታል፤ እኔ አላውቅም።

ፋርማሲስቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ መልእክትም አልላከችም። ዶክተሯ ጥናቷን ጨርሳ አሳተመች፤ በየጽሕፈት ቤቱ አስተርጓሚ ሳይኖር የሚሰጥ ፈቃድ እንደ ፈቃድ እንዳይቆጠር የሚል ሐሳብ አቀረበችበት። መድረኩ ላይ ለውይይት ቀርቦ ብዙ ተባለለት። ያን ቀን ጆሮ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር ያስተረጎምኩት እኔ ከሌላ ባልደረባ ጋር ነው። አባቷ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አዳራሹን ረግጠው አያውቁም። ሐሙስ ሲደርስ ጆሮ እንሂድ ስትላቸው "በር ይዣለሁ፣ ለሰው ቀጥሬያለሁ" ይሏታል። ብዙ ጊዜ ወርክሾፑ ውስጥ የተያዘ በር የለም።

እሷም ተለውጣለች። በሥራ ላይ እንደ ድሮዋ ጎበዝ ናት። ነገር ግን አንድ ተናጋሪ "ልጄ" ባለ ቁጥር ትንሽ ትዘገያለች። እኔ እሰማዋለሁ፤ ሌላ ማንም አይሰማውም። የማስቲካውን ሰውዬ ምልክት ሳሳያት ፈገግ ትላለች እንጂ አትስቅም።

በቅርቡ አንድ ቀን ቁምሳጥኔ ተሰብሮ ወደ እነሱ ቤት ስሄድ፣ አባትና ልጅ ዕቃ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እሳቸው የቫርኒሽ ቆርቆሮ፣ እሷ የማጠፊያና የሚስማር ከረጢት ይዘዋል። ከትልቁ መንገድ ጀርባ ያለውን ዳገት ነው በእግራቸው የተያያዙት። የእሳቸው ትንፋሽ ከሩቅ ይሰማል፤ ለእሳቸው ባይሰማቸውም። ቆርቆሮውን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ።

"በትልቁ መንገድ አውቶቡስ አለ እኮ" አልኳት ጆሮን። "እንዲህ እስኪደክማቸው ምን አስገደዳቸው?"

"ጠይቀው" አለችኝ።

ፊት ለፊታቸው ቆሜ በምልክት ጠየቅኳቸው። ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ለመናገር ሁለቱም እጅ ያስፈልጋቸዋል። ቀስ እያሉ፣ እንዲገባኝ ብለው እየደጋገሙ ነበር የነገሩኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጆሮ እርዳታ አጥርቼ የተረዳኋቸው ያን ቀን ነው።

"አውቶቡሱ በፋርማሲው በር ላይ ነው የሚያልፈው" አሉኝ። "በመስታወቱ ካየችኝ ትደነግጣለች። እሷ የምትሰጠው መድኃኒት ነው። ደንግጣ ብትሳሳት ሰው ይጎዳል፣ እሷም ትጠየቃለች።"

ቆርቆሯቸውን አነሡና ዳገቱን ቀጠሉ። ጆሮ ከረጢቱን ወደ ሌላኛው እጇ አዛውራ ከኋላቸው ሄደች።